ችሎት ሳይደርሱ የሚረቱ

ሦስት ወር ሲሰሙት ረጅም ነው። ከሥራው ያለ አግባብ ለተሰናበተ የፋብሪካ ጥበቃ ግን ሦስት ወር እንዴት እንደሚያልቅ መገመት አያስቸግርም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት «አለቃው ተናዶ ነው፣ ሲበርድለት ይጠራኛል» እያለ ይጠብቃል። ከዚያ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ በአንዱ ሰንበት ሄደው «እናስብበታለን» የሚል መልስ ይዘው ይመለሳሉ፤ በሚቀጥለው ሲሄዱ አለቃው ከከተማ ወጥቷል። በመሐሉ የቤት ኪራይ ይደርሳል፣ የቀን ሥራ ፍለጋ ይጀመራል። አንድ ቀን የሰፈር ሰው «ለምን አትከስም?» ይለዋል። እንደምንም ፍርድ ቤት ሲደርስ የአሠሪው ጠበቃ ስንብቱ ሕጋዊ ነው አይደለም ብሎ መሟገት አያስፈልገውም። «ክሱ በይርጋ ታግዷል» ብሎ መቃወሚያ ያቀርባል፤ መዝገቡም ይዘጋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ሠራተኛ የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለመጠየቅ ስድስት ወር ተሰጥቷል። ሽማግሌ መላክ ይህን ቆጠራ አያቋርጠውም። አሠሪው የሚፈለግበትን በጽሑፍ ካመነ ግን ይቋረጣል፤ ጉዳዩን ሥልጣን ላለው የመንግሥት አካል ማመልከትም እንዲሁ ያቋርጠዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ቢያናግረው «ሽማግሌው ይሂድልህ፤ የሚሉህን ግን በጽሑፍ ተቀበል፤ እስከዚህ ቀን ድረስ መልስ ካላገኘህ ክሰስ» ይለው ነበር። የጠፋው ይህ አምስት ደቂቃ ነው። ደግሞም ይኸው ሰው የሚጠብቀው ፋብሪካ ሳይሆን የግለሰብ መኖሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ፣ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከሽፋኑ ስላወጣ፣ የሚሰጠው ምክር ከነጭራሹ ሌላ ይሆን ነበር።

በአገራችን ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲነሣ ዐይን ሁሉ የሚያየው ችሎት ፊት ቆሞ የሚከራከረውን ጠበቃ ነው። ጠበቃው ያስፈልጋል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ሆኖም አብዛኛው ድኻ የሚረታው ችሎት ከመድረሱ በፊት ነው፦ የማያውቀው ወረቀት ላይ ሲፈርም፣ ቀን ሲያልፍበት፣ መጠየቅ የሚገባውን ሳይጠይቅ ሲቀር። የሕግ ድጋፍ ዋና ጉልበት መዋል ያለበትም እዚያ ነው፤ በወረዳ፣ በቀበሌ፣ በገበያ ቀን፣ ባለጉዳዩ በሚናገረው ቋንቋ።

ዛሬ ያንን ቦታ ይዞ የሚሠራው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ማንኛውም ፍርድ ቤት በር መሄድ ይበቃል። በጥላ ሥር ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች የድኻው የመጀመሪያ፣ ብዙ ጊዜም የመጨረሻ የሕግ አማካሪዎች ናቸው። እነሱን መናቅ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ከመካከላቸው ከአንዳንድ አዲስ ተመራቂ ይልቅ የችሎትን አሠራር ጠንቅቀው የሚያውቁ አሉ። ችግሩ ገቢያቸው ከሚጽፉት ወረቀት መሆኑ ላይ ነው። «ይህ ጉዳይ ክስ አያስፈልገውም» ወይም «ጊዜህን አታጥፋ፣ አያዋጣህም» ብሎ ባለጉዳይን የሚመልስ ጸሐፊ ሳይበላ ያድራል። ጥሩ ምክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የተጻፈው አቤቱታም ቢሆን ጣጣ አለው። ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን ዳኝነት አይሰጥም። ወደ ሥራ መመለስን ብቻ ጠይቆ፣ ውዝፍ ደመወዙንና ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ ሳይጠቅስ የቀረ ሠራተኛ፣ ዳኛው ምንም ያህል ቢያዝንለት ያላነሣውን አያገኝም።

ሕጉ ድኻውን ፈጽሞ ረስቶታል ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ሲያጣና በዚህም ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት መሠረቱ ይኸው ነው። ይሁንና አንቀጹ የሚናገረው በወንጀል ስለተከሰሰ ሰው ነው። ቀለብ የምትጠይቅ እናት፣ ከቤቱ በማስፈራራት የሚባረር ተከራይ፣ ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛ በዚህ በር አይገቡም። አንቀጽ 37 ማንም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ቢልም፣ እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርብ የሚነግረው ሰው አላዘጋጀለትም።

በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የተቀመጠው «በድኻ ደንብ» የመክሰስ መብትም አለ። እንደ ክሱ መጠን የሚያድገውን የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። መልካም ነገር ነው፤ ከገንዘቡ ያድነዋል፣ ካለማወቁ ግን አያድነውም። እንዲያውም ይህ መብት መኖሩን የሚያውቀው አስቀድሞ አማካሪ ያገኘ ሰው ነው፤ ይህም ከድኻው ጋር የተያዘ ቀልድ ይመስላል።

ሦስተኛው መንገድ የጠበቆች ግዴታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 57 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ደንግጓል። ጠበቃው ግን ባለበት ነው የሚያገለግለው። ያለው ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው።

ወደ ሕዝቡ ወርዶ የመምከር ልምድ በአገራችን አልነበረም የሚል ካለ፣ የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበርን ታሪክ ያንብብ። ማኅበሩ በ1987 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ከዓመታት በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ማኅበሩን ዓለም ያወቀው በአርሲ በተነሣ አንድ ጉዳይ ነው። ለጋብቻ ተጠልፋ የተደፈረች የ14 ዓመት ልጅ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገደለች፤ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፤ የማኅበሩ ጠበቆች ተከራክረውላት ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በ1990 ዓ.ም. በነፃ ተለቀቀች። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው «ድፍረት» የተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም የተሠራው በዚሁ ታሪክ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት እንዲያመልጥ ቀዳዳ ይተው ነበር። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው።

ፊልም የማይሠራለት የማኅበሩ የዕለት ሥራ ግን ሌላ ነበር። በአዲስ አበባና በክልል ቅርንጫፎቹ አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች የሚበዙት ስለ ፍቺ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት የሚጠይቁ ነበሩ። «ቤቱ በስሜ ነው» የተባለች ሚስት ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ልትወጣ ስትል፣ አንድ ሰው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ምን እንደሚል ሊነግራት ይገባል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የሁለቱም ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩትም በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራቸው ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው መካሪው የትኛው የት እንደሚሠራ መለየት አለበት። ይህን ለማስረዳት ካባ ለብሶ ችሎት መቆም አያስፈልግም። በየአካባቢው የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኛ ኮሚቴዎች ሠርተውት ያለፉት ሥራ ነው።

ይህን ሥራ ያዳከመው የፈላጊ ማነስ አልነበረም። ማኅበሩ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. መጋጠሚያ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ታግዶ ነበር። ክንዱ የዛለው ግን በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነው። አዋጁ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በፍትሕ አገልግሎት ማሻሻል ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ለቀለብ ክስ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ደመወዝ ለመክፈል ቶምቦላ መሸጥ የግድ ሆነ ማለት ነው። ማኅበሩ አብዛኛውን ሠራተኛውን ቀነሰ። አዋጁ ከ10 ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቢተካም፣ የተበተነ ባለሙያና የተዘጋ ቢሮ በአዋጅ ተመልሶ አይመጣም። ዘላቂ የምክር አገልግሎት ከእርዳታ ሰጪ ኪስ ጋር ብቻ ታስሮ መኖር የለበትም የሚለው ሐሳብ ከዚህ የሚነሣ ነው፤ ቋሚ የመንግሥት በጀት ይፈልጋል፤ አሠራሩ ግን ከመንግሥት እጅ ገለል ያለ መሆን ይኖርበታል። መሥሪያ ቤትን የሚከስ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ተቀጣሪ ሲመከር ምክሩን ይጠራጠራል።

ከዚያ ወዲህ ክፍተቱን በከፊል የያዙት የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በሐዋሳ፣ በጅማ፣ በሐሮማያ፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ሥር የተከፈቱት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት፣ አንዳንዶቹም በፍርድ ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ አግኝተው፣ አቤቱታ ይጽፋሉ፣ ይመክራሉ። ተማሪው ይማርበታል፣ ባለጉዳዩ ይጠቀማል። እንደ ማንኛውም የትምህርት ቤት ሥራ ግን በፈተና ሰሞንና በክረምት ይቀዘቅዛል፤ የይርጋ ቆጠራ ደግሞ ዕረፍት የለውም።

ሌሎች አገሮች በምን ወጡት ቢባል፣ ሴራሊዮንን ማየት ይጠቅማል። የእርስ በርስ ጦርነቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ሲያበቃ በአገሪቱ የነበሩት ጠበቆች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም የሚገኙት በዋና ከተማዋ ፍሪታውን ነበር። በዚሁ አቆጣጠር በ2003 «ቲማፕ ፎር ጀስቲስ» የተባለ ድርጅት ጠበቃ እስኪመጣ መጠበቁን ትቶ የየመንደሩን ሰዎች አሠልጥኖ የሕግ ረዳት አደረጋቸው፤ ከበስተኋላቸው ጥቂት ጠበቆች ነበሩ። በዚሁ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የአገሪቱ የሕግ ድጋፍ ሕግ በእያንዳንዱ ባህላዊ አስተዳደር ቢያንስ አንድ የሕግ ረዳት እንዲኖር ደነገገ። በማላዊ ደግሞ የሕግ ረዳቶች እስር ቤት ገብተው፣ ጉዳያቸው ሳይታይ ለተጎለቱ እስረኞች የዋስትና ጥያቄ እንዴት እንደሚቀርብ በድራማ ሳይቀር ያስተምራሉ።

«ጠበቃ ያልሆነ ሰው ሕግ ቢመክር አገር ያጠፋል» የሚሉ ጠበቆች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ የተሳሳተ ምክር ከምክር ማጣት የሚብስበት ጊዜ አለ። ሆኖም ምርጫው በረዳትና በጠበቃ መካከል አይደለም። ገጠር ላለ ሰው ምርጫው በሠለጠነ ረዳትና «አንድ ዘመዴ ፍርድ ቤት ይሠራል» በሚል ሰው መካከል ነው። «ሽምግልና አለ አይደለም ወይ?» የሚሉም አሉ። አለ፤ ብዙ ጠብ አብርዷል። ሚስቱን የደበደበን ሰው ይቅርታ አስጠይቆ ወደ ቤቱ የሚመልስ ሽምግልናም ግን አለ። ጥሩ የሕግ ረዳት ሽማግሌዎች የሚጨርሱትን ጉዳይ ከማይጨርሱት ይለያል፤ ጥቃት ሲያይ ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ይልካል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ተረት ያወረሰ ሕዝብ፣ ተሟግቶ ቢረታ እንኳ ጉዳዩ መሰማቱን አጥብቆ ይፈልጋል።

ከዐረብ አገር የሚመለሱት ሴቶች ጉዳይ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ያሳያል። የወራት ደመወዟን ሳትቀበል ቦሌ የምትወርድ ሴት «አሠሪዬ እዚያ፣ እኔ እዚህ፤ በቃ ቀረ» ብላ ትተወዋለች። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ግን የላካት ኤጀንሲ ከአሠሪዋ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል፤ ኤጀንሲዎች ዋስትና የሚያስይዙትም ለዚህ ነው። የምትከስሰው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ምናልባትም የምታውቀው ሕንፃ ላይ አለ። በሕጋዊ ኤጀንሲ ሳይሆን በደላላ የሄደችው ይህ በር የላትም፤ ይህንንም ሳትሄድ በፊት የሚነግራት ሰው ቢኖር ሌላ ውሳኔ ልትወስን ትችል ነበር። ምክሩ ከመንገዱ በፊት መሰጠት አለበት የሚባለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ አይደለም። በአንድ ወረዳ ሁለት የሠለጠኑና ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ቢኖሩ፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን፣ በገበያ ቀን ክፍት የሚሆን ጠረጴዛ፣ ምክሩ የሚመዘገብበት መዝገብና ስልክ ቢኖራቸው ይጀመራል። ችሎት መቆም አይፈቀድላቸው፤ ለሰጡት ምክር ግን ተጠያቂ ይሁኑ። ከበስተኋላቸው ጠበቃ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር እዚህ ላይ ሥራ አለው። በዓመት 50 ሰዓት ተከፋፍሎ ሲታይ በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ጠበቃ ያንን ሰዓት ችሎት በመቆም ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ከተወሰነ ወረዳ ረዳቶች ጋር በስልክ የሳምንቱን ጉዳዮች በመገምገም ቢያውለው፣ ሰዓቱም እንደ ግዴታው ቢቆጠርለት፣ ጠበቃ የሌለበት ወረዳ ሳይቀር የጠበቃ ምክር ይደርሰዋል።