ጉልበትም ሊብሬ ይኑረው

ስልካችሁ ላይ *#06# ስትነኩ ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥሩ ብቅ ይላል። መኪናም ሊብሬ አለው። እናታችን ወይም አባታችን ጉልበት ውስጥ የገባውን ብረት ማን ሠራው፣ ሞዴሉስ ምንድን ነው ብንባል ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን? ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ቀጣዩ ቀዶ ጥገና ሊወሰን የሚችለው በዚህ መልስ ነው እላለሁ።

ሰው ሠራሽ ጉልበት ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ዕቃ አይደለም፤ ተገጣጣሚ ነው። የጭን አጥንትን ጫፍ የሚሸፍን ብረት አለ፤ የቅልጥም አጥንት አናት ላይ የሚቀመጥ ሌላ ብረት አለ፤ በመሀላቸው ፖሊኢቲሊን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። አጥንቱ ከተበላ ደግሞ ተጨማሪ አካል ይገጠማል። አንዱ ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ሽብልቅ ነው፤ በብሎን ወይም ለአጥንት በተዘጋጀ ሲሚንቶ ከዋናው ብረት ጋር ይያያዛል። ሌላው ወደ አጥንቱ ውስጥ ጠልቆ ሸክም የሚጋራ ዘንግ ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከዓመታት በኋላ ያለቀው ፕላስቲኩ ብቻ ከሆነና ብረቶቹ ካልላሉ፣ ሐኪሙ ፕላስቲኩን ብቻ ሊቀይር ይችላል። ግን እንደ መኪና መለዋወጫ ነው፤ ያገኙትን አምጥቶ መግጠም የለም። የአንዱ ኩባንያ ፕላስቲክ ለሌላው ብረት አልተሠራም፤ የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ላይስማሙ ይችላሉ። ልምድ ያለው ሐኪም ከኤክስሬይ ዓይነቱን ሊገምት ይችላል፤ የካታሎግ ቁጥሩን ግን ፊልሙ ላይ አያገኘውም። መለያው ከጠፋ፣ ደህናውን ብረት ነቅሎ ሁሉንም መቀየር ሊመጣ ይችላል። ያ ደግሞ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ሕመም፣ ሌላ የሚጎዳ አጥንት ነው።

ስዊድን የጉልበት ተከላዎችን በብሔራዊ መዝገብ መያዝ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብም ለታካሚው የተከላ ካርድ እንዲሰጠው ያዛል። በዚያው ዓመት አሜሪካ የፈቀደችው ፐርሶና አይኪው የተባለ ጉልበት ጭራሽ ዘንጉ ውስጥ ሴንሰር አለው፤ እርምጃ ቆጥሮ ዳታ ይልካል። ጉልበት ዳታ በሚልክበት ዘመን እኛ ስሙን እንኳ አለማወቃችን ያሳዝናል።

የኛ ሰው ደግሞ ባንኮክ ወይም ዴልሂ ታክሞ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ አሜሪካ ታክሞ አገር ቤት ይከርማል። ሲያመው የሚያየው ያው የመጀመሪያው ሐኪም ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ሆስፒታሎች፣ እባካችሁ ሳትጠየቁ ስጡ። እናንተም ጠይቁ። ተገጣጣሚዎቹ ሲታሸጉ የካታሎግና የምርት ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ወረቀት አብሯቸው ይመጣል። ቅጂውን ተቀበሉ፣ በስልካችሁ አንሱት፣ ለወንድም ለእህት ላኩት፤ ዋናውንም አትጣሉ። አንድ ፎቶ ምንም አያስወጣም፤ ለእማዬ ግን አንድ ትልቅ ቀዶ ጥገና ሊያስቀርላት ይችላል።