ወራሽ ነበረ፤ ጦሩስ የማን ነበር?

ዐፄ ምኒልክ ወራሻቸውን ሳይለዩ በመጨረሻው ከባድ ሕመም የወደቁ ንጉሥ አልነበሩም። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ የጦር ሚኒስትርነቱንም ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሰጡ። በ1901 የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አድርገው በአዋጅ አስነገሩ፤ አደራውን የሚያፈርሰውንም ረገሙ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አገሪቱ ደም ከመፋሰስ አለመዳኗ የወራሽ እጦት ያመጣው አይደለም። ወራሹ ስሙን ተቀበለ እንጂ ሠራዊቱን አልተረከበም፤ ሠራዊቱን ሊያስረክቡት የሚችሉት ንጉሥ ደግሞ በሕይወት እያሉ አንደበታቸው ተዘጋ።

የዚያ ዘመን ጦር ዛሬ እንደምናውቀው መደበኛ ሠራዊት አልነበረም። እያንዳንዱ መኮንን የራሱን ወታደር ይዞ ይዘምታል፤ በመሐል የንጉሠ ነገሥቱ የሆነው መሐል ሰፋሪ አለ። ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው የንጉሡ ቃል ነው። በጥቅምት 1902 የወደቀባቸው ከባድ ሕመም ቃሉን ሲወስደው፣ በእሳቸው ስም የሚሾመውና የሚሽረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። የንጉሡ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ ሹመትና ሽረቱን በእጃቸው አደረጉ። በመጋቢት 1902 የሸዋ መኳንንት ተሰብስበው፣ መሐል ሰፋሪውንም ይዘው፣ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ወጥተው ባለቤታቸውን እንዲያስታምሙ አደረጓቸው። ብዙዎች ይህን የቤተ መንግሥት ሽኩቻ አድርገው ያልፉታል። እኔ ግን ከዚያ ይከብዳል እላለሁ፤ ትእዛዝ ተቀባዩ ወታደር አዛዡን መራጭ የሆነው ያን ጊዜ ነውና። በ1903 ራስ ተሰማ ሲሞቱ ሌላ እንደራሴ አልተተካም። ራስ አባተ ቧያለውም የቤተ መንግሥቱን መሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ተነሡ፤ ነገሩ በአቡነ ማቴዎስ ሽምግልና በረደ። በሰው ሽምግልና እንጂ በሥርዓት አልተፈታም።

ጥፋቱ የኢያሱ ነው፣ ከመናገሻው እየራቀ፣ ከቤተ ክህነቱም እየተጋጨ አልጋውን በራሱ እጅ አጣ የሚሉ አሉ። የኢያሱን ጉድለት አልክድም። ነገር ግን ጉድለት ያለበት ንጉሥ በታሪካችን እሱ ብቻ አልነበረም። እሱን የለየው ዘውድ ሳይጭን ዓመታት መግዛቱ ነው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ሲያርፉ እንኳ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ተደበቀ። መደበቁ ሁከትን ያዘገይ ይሆናል፤ ወራሹን ግን በግልጽ የሚነግሥበትን፣ ሠራዊቱም ለእሱ በይፋ የሚገባበትን ቀን ነሣው።

በመስከረም 1909 ኢያሱ ሲሻር ጦሩ የየጌታውን ጥሪ ተከተለ። በጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦራቸው ጋር በአንድ ወገን፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከሸዋ ጦር ጋር በሌላው ወገን ተፋለሙ። ሁለቱም ከሃያ ዓመት በፊት ዓድዋ ላይ በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ የተሰለፉ ሰዎች ነበሩ።