«ሳይንስ ነው» ተብሎ ልጅ እጅ ላይ ስለሚቀመጠው ኳስ



ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «ዶክተር፣ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። የሳይንስ ፕሮጀክት ብለው የምትነጥር ኳስ ቤት ሠርታችሁ አምጡ ተባሉ። ቪዲዮው ላይ ቦራክስ የሚባል ዱቄት ይጨምራሉ። መርካቶ ባስጠይቅ አጣሁት። በሱ ፈንታ ኦሞ ይሆናል? በረኪናስ?»

በረኪናስ! ይቺ አንዲት ቃል ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ።

እናትየውን ልወቅስ አይደለም። ጠይቀው የሚሠሩ ጎበዝ እናት ናቸው፤ ሳይጠይቁ የሚቀላቅሉት ናቸው የሚያሳስቡኝ። ያናደደኝ ከትምህርት ቤት የተላከው ወረቀት ነው። ፎቶውን ላኩልኝ። የኳሱ ሥዕል አለ፣ የማስረከቢያው ቀን አለ። ዱቄቱን ማን ይለካ፣ ለስንት ዓመት ልጅ ነው፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለስ ምን ይደረግ የሚል ግን አንድ መስመር የለም። ቪዲዮዎቹም ያው ናቸው። ደስ የሚል ሙዚቃ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ባዶ እጇን ሳህን ውስጥ የከተተች የአራት ዓመት ልጅ፣ ከዚያ ኳሱ ጠብ ብሎ ሲነጥር። አለቀ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሳይንሱ ራሱ በእርግጥ ያምራል። ነጭ ኮላ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ረጃጅም ክሮች ናቸው፤ እንደ ተቀቀለ ፓስታ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ለዚህ ነው ኮላ የሚፈስሰው። ቦራክስ በውሃ ሟሙቶ ሲገባ ክሮቹን እዚህም እዚያም እርስ በርስ ያስራቸዋል። መንሸራተቱ ይቀርና ይጠጥራል፣ ሲጫኑት ይመለሳል። የበቆሎ ስታርች ሲጨመርበት ቅርጽ ይይዛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቦራክስ፣ ትንሽ ስታርችና ለብ ያለ ውሃ፤ የሚወጣው የለውዝ ቆሎ መጠቅለያ ቡጢ የምታህል ሳይሆን ከዚያም የምታንስ፣ በልጅ መዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ኳስ ናት።

ችግሩም እዚህ ጋ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው በሚፈራው ዱቄት ሳይሆን በኳሷ ልክ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሕግ አለ። ስፋቷ 4.4 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነች ኳስ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ መጫወቻ ተብላ እንዳትሸጥ ይከለክላል። ከ3 ዓመት በላይ ላሉት ስትሸጥም ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል። 4.4 ሴንቲሜትር ስንት እንደሆነ ለማየት የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ አንሱ። በግምት እሱን ታህላለች። በቪዲዮ የምታዩአት ኳስ በቱቦው ውስጥ ሽው ብላ ታልፋለች። ፋብሪካ ለሕፃን እንዳይሸጥ የተከለከለውን ዕቃ እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን እያመረትን ነው ማለት ነው፤ ያውም በጣፋጭ ቀለም አሳምረን።

እዚህ አገር ልጆችን የሚያንቀው ብዙ ጊዜ ለውዝ፣ በቆሎና ባቄላ ነው። እነዚህ ማዕዘን አላቸው፣ ያነሱም ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በጎን ትንሽ አየር ያልፋል፣ ልጁ እየሳለ፣ እያፏጨ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። ለስላሳና ክብ ኳስ ግን እንደ ቡሽ ነው የሚወትፈው። ልጁ አይስልም፣ አያለቅስም። ድምፅ የለም። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ከሆነ የምትሰሙት ነገር አይኖርም። አእምሮ ያለ ኦክስጂን ከአራት አምስት ደቂቃ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። በአራት ደቂቃ ከአያት መገናኛ የሚያደርስ መኪና ያለው ሰው ይንገረኝ።

ስለዚህ ኳስ ብትሠሩም ባትሠሩም ይህን ያዙልኝ። ልጁ እየሳለ ወይም እያለቀሰ ከሆነ እንዲስል አበረታቱት እንጂ አትንኩት። ድምፅ ካጣና መተንፈስ ካቃተው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ወደ ፊት አጎንብሱትና በመዳፋችሁ ተረከዝ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሐል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ፣ ቡጢያችሁን ከእምብርቱ ከፍ አድርጋችሁ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ። እስኪወጣ ሁለቱን አፈራርቁ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ሆዱን አትጫኑ። ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ አምስት ጊዜ ጀርባውን ምቱ፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ደረቱ መሐል ላይ በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ተጫኑ። የማታዩትን ነገር ለማውጣት ጣታችሁን ጉሮሮው ውስጥ አትስደዱ፤ የበለጠ ትሰኩታላችሁ። ሌላ ሰው ካለ በዚያው ሰዓት 907 ይደውል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

አሁን ወደ ዱቄቱ ልምጣ።

ቦራክስ ወርቅ አንጥረኞች ሲበይዱ የሚነሰንሱት ነጭ ጨው መሰል ነገር ነው። አሜሪካ ያላችሁ ከልብስ ሳሙናው ጎን በካርቶን ታገኙታላችሁ። ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ልጁ አንድ ጊዜ እጁን ስለነካው አይሞትም፤ ሌላ ገጽ ላይ «ቦራክስ የነካ ልጅ መካን ይሆናል» የሚል ጽሑፍ አይቼ ስቄአለሁ፣ ተናድጃለሁም። እውነቱ መሐል ላይ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ቆዳን በተለይ የተላጠውን ያስቆጣል። ሲዋጥ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ በብዛት ሲሆን ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ወደ ቦሪክ አሲድ ይለወጣል፣ ቦሪክ አሲድ ደግሞ በሕክምና ታሪክ መጥፎ ስም አለው። ድሮ ለሕፃናት የዳይፐር ሽፍታ በዱቄት መልክ ይነሰነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመ አንድ የሕክምና ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ የተመዘገቡ 109 የመመረዝ ጉዳዮችን ሰብስቧል፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ጨቅላዎች ነበሩ። እንደ ዘበት የተነሰነሰ የቤት ዱቄት ነበር።

የካናዳ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ወላጆች ቦሪክ አሲድን ለልጆች የእጅ ሥራ እንዳይጠቀሙበት መክሯል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ፈሳሽ ወይም የሚያጣብቅ መጫወቻ በኪሎ ከ300 ሚሊግራም በላይ ቦሮን እንዳይለቅ ይገድባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዊች የተባለው የእንግሊዝ የሸማቾች ድርጅት 11 ዓይነት የሱቅ ስላይም ቢያስመረምር 8ቱ ከዚህ ገደብ አልፈው ተገኙ። ሚዛንና ላቦራቶሪ ያለው ፋብሪካ ከሳተ፣ እኛ በሻይ ማንኪያ ስንለካ ምን ይሆናል? ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቦራክስ 2 ግራም ገደማ ነው፤ በውስጡ 200 ሚሊግራም የሚሆን ቦሮን አለ። ሁሉም ልጁ ሰውነት ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም። ግን ጣቱን የሚጠባ ልጅ ማንኪያችሁን አይጠብቅም።

«ቦራክስ የለውም» እየተባለ በዓይን ሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ የሚሠራውም አያታልላችሁ። የሚጠጥረው ፈሳሹ ውስጥ ያው ቦሪክ አሲድ ስላለ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ቦራክስ ራሱ አይደለም። ቦራክስ ሲጠፋ የሚተካው ነው። ነጭ ኮላ ሲታጣ ማስቲሽ ይመጣል፤ የማስቲሽ ጭስ ልጅን ምን እንደሚያደርግ ጎዳና ላይ እናየዋለን። ቦራክስ ሲታጣ በረኪና ይመጣል። በረኪና ኳስ አይሠራም፤ ቆዳና ጉሮሮ ነው የሚያቃጥለው። አንዱ ቪዲዮ ላይ አቼቶ አይታችሁ ከበረኪና ጋር ብትደባልቁት ደግሞ የሚወጣው ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ነው። ከሥራው በኋላ የተረፈውስ? «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ተብሎ ሃይላንድ ውስጥ ይገባል። ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሐኪም ሁሉ ይህን ሃይላንድ ያውቀዋል። ከጨዋታ የመጣ፣ ላብ ያጠመቀው ልጅ ውሃ መስሎት አንድ ጉንጭ ይጎነጫል፤ ከዚያ በኋላ ጉሮሮው ጠብቦ ለወራት ምግብ በቱቦ የሚወስድ ልጅ አይቼ አውቃለሁ። እንዲህ ከደረሰ አታስመልሱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል። በግድ ወተት አትጋቱት። አፉን አጉመጥምጡትና ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ኑ።

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ዶክተር፣ እኛ እኮ አፈር በልተን ነው ያደግነው።» አዎ፣ እንዲህ የምንለው ያደግነው ነን። ያላደጉት መጥተው አይመሰክሩም።

ሁለተኛው፣ «ከስልክ ይሻላል» የሚለው ነው። ይሄኛው ላይ እጄን አነሳለሁ፣ ልክ ናችሁ። ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያቦካ ልጅ ስልክ ላይ ከተደፋ ልጅ ይሻላል። ስለዚህ ነው አቦኩ የምለው፤ ሌላ ነገር አቦኩ። ሰባተኛ ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መምህሩ በለካላቸው ቦራክስ፣ ጓንትና መነጽር አድርገው ኳሱን ቢሠሩ፣ ኳሱም እዚያው ቢቀር ደግሞ ተቃውሞ የለኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሁለት ዓመት እህቱ በምትድህበት ምንጣፍ ላይ ሲሠራው ግን አይሆንም። የኛ ቤት የልጆች ክፍል የለውም፤ የትልቁ መጫወቻ ሁሌም የትንሿ መጫወቻ ነው።

ለእናትየው የመለስኩላቸው ይህን ነው። አንድ ጥሬ እንቁላል በብርጭቆ አስቀምጡ፣ አቼቶ እስኪሸፍነው ሙሉበት። ወዲያው አረፋ ይወጣዋል፤ አቼቶው የቅርፊቱን ካልሲየም ካርቦኔት እየበላ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በማግስቱ አቼቶውን ቀይሩለት። ከሁለት ቀን በኋላ በውሃ ሥር ቀስ አድርጋችሁ ስታሹት ቅርፊቱ የለም፣ የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ያለው እንቁላል ይቀራል። ከሳህን ላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ሲለቀው ይነጥራል። ከፍ ካደረገው ይፈርጣል፤ እሱም ትምህርት ነው። አትብሉት፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ፤ ጥሬ እንቁላል ነው።

እግር ኳስ ከፈለገ ደግሞ የካልሲ ኳስ አለላችሁ። አባቱ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቆ፣ በክር አጥብቆ ይስፋለት፤ ፌስታሉን ግን ለሕፃኗ እጅ አትተዉት። ከሕፃን አፍ የሚበልጥ ይሁን። ከዚያ ልጁ ሜትር ይዞ በሲሚንቶ ላይ፣ በሣር ላይ፣ በምንጣፍ ላይ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚነጥር ለክቶ ይጻፍ፤ ለምን እንደተለያየም ይገምት። ሳይንስ የሚባለው መለካቱና መጠየቁ ነው፤ ቀለም ያለው ኳስ ይዞ መምጣቱ አይደለም።

እናትየው ከአራት ቀን በኋላ ፎቶ ላኩልኝ። የመጀመሪያው እንቁላል ፈርጦ ሁለተኛው ነጥሯል። ልጁ ሁለቱንም በደብተሩ ሥሎ፣ የፈረጠው ሥር «ከ12 ሴንቲሜትር ስለለቀቅኩት» ብሎ ጽፏል። መምህሩ ስንት ማርክ እንደሰጡት ገና አልሰማሁም።