ሆደ ሰፊው ጊታርና የጣት ድርደራ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ብሂል የተነገረው ለከበሮ ብቻ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ፣ በየባህል አዳራሹ ጥግ ተሰቅሎ አቧራ የሚጠጣውን ትልቅ ጊታር ያየ ሰው ብሂሉ ለማን እንደተተረተ ወዲያው ይገባዋል። ጊታሩ የተሰቀለው የሚጫወተው ስለጠፋ አይደለም። የተመረጠው ለሚጫወቱት ልጆች ሳይሆን ለተመልካች ዓይን ስለሆነ ነው። ዓይን ደግሞ ትልቅ ነገር ይወዳል።

ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አረካ በእንሰት ምርምር የታወቀች የወላይታ ከተማ ናት። የአረካ አካባቢ ገበሬ ግቢው ውስጥ ከተከላቸው የእንሰት ዓይነቶች መካከል ለቆጮ የሚፈልገው ሌላ፣ አሚቾውን ቀቅሎ ለመብላት የሚመርጠው ሌላ፣ ለቃጫው ሲል የሚያሳድገው ሌላ መሆኑን ከአባቱ ተምሮ ያውቃል። ግንዱ ከሁሉም የወፈረውን እያየ «ይህ ለሁሉም ይሆናል» የሚል ገበሬ የለም። እንግዲህ በዚህች ከተማ አንድ የኪነት ክበብ ሁለት ጊታር ብቻ የሚገዛ ገንዘብ አጠራቅሞ ለግዥ ተነሣ ይባል። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ያለጥርጥር «ትልቁን ነው እንጂ! ገንዘብ የሚወጣው ለሚሰማ ድምፅ ነው» ይላል። ሌሎቹም በራሳቸው ይስማማሉ። ገበሬው ለእንሰቱ የሚያደርገውን ጥንቃቄ የተማረው ሰው ለሙዚቃ መሣሪያው ነፈገው ማለት ነው።

ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጊታሩን ሁሉም ይነካካዋል። የአሥራ አራት ዓመቷ ተማሪ ስትታቀፈው ግን ቀኝ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፤ ክንዷ የሆዱን ጠርዝ ተሻግሮ አውታሩ ላይ ለመድረስ ይንጠራራል፤ የእጅ አንጓዋ ይታጠፋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይደክማታል። «ጊታር የወንዶች ነው» ብላ ትተወዋለች፤ ይህንንም የሚያርማት አይገኝም። ጥፋቱ የመራጮቹ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ስለ ጊታር ሆድ ስፋት መከራከር ለሥራ ፈቶች የተተወ ጉዳይ የሚመስለው ካለ፣ አንዲት ልጅ ከሙዚቃ የምትባረርበት በር ይህን ያህል ጠባብ መሆኑን ልብ ይበል።

ክርክሩ ፈር እንዲይዝ በቅድሚያ ሁለት አጨዋወቶችን መለየት ያሻል። ክራር የሚያውቅ ሰው ይህን ልዩነት ከማንም መማር አያስፈልገውም። ግርፍ አለ፤ ድርደራ አለ። በግርፍ ጊዜ ቀኝ እጅ አውታሮቹን በአንድነት ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶችም የማይፈለጉትን ድምፆች ያፍናሉ። በድርደራ ጊዜ ግን እያንዳንዱ አውታር በየራሱ ጣት ይነካል፣ እያንዳንዱም ድምፅ ለብቻው ይናገራል። ካሣ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ በክራር ያስለመዱት ጨዋታ መሣሪያው ከዘፋኙ ጋር እንዲነጋገር የሚያደርግ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ቢሆንም የሚለው አይጠፋም። በጋሞ ደጋ ዲታ የሚባለውም መሣሪያ የዚሁ የክራር ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የአገሪቱ ወጣት ጊታር ሲያነሣ ጣቶቹ ወደ ድርደራ ቢያደሉ ከባዕድ የተቀዳ ልማድ ሳይሆን የቤቱ ትምህርት ነው።

አሁን ደግሞ ትልቁ ጊታር ከየት እንደመጣ ይታይ። በዓለም ገበያ የተለመደው ሆደ ሰፊ ጊታር ድሬድኖት ይባላል። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1906 ከወጣው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1916 ዲትሰን ለተባለ ነጋዴ ድርጅት ሠራው፤ በራሱ ስም መሸጥ የጀመረው ደግሞ በ1931 ነው። የታችኛው ሆዱ ወርድ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ጥልቀቱም 12 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። የተፈለገው ለዘፈን አጃቢነትና ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ተደርቦ እንዲሰማ ነበር፤ በፒክ በኃይል ሲገርፉት የሚያጓራ ድምፅ ይሰጣል። ለተፈጠረበት ተግባር ግሩም መሣሪያ ነው። የመዘምራን ጉባኤ በአንድ ድምፅ ሲዘምር ከሥር ሆኖ የሚሸከም ግርፍ ቢያሻ ከእርሱ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል። ስሕተቱ የጦር መርከብ ስም የተሰጠውን ዕቃ ታንኳ ወደሚበቃበት ወንዝ ይዞ መውረዱ ላይ ነው።

ከእርሱ ጎን ለጎን ሌሎች መጠኖች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። በዚያው ድርጅት አቆጣጠር ባለ አንድ ዜሮ፣ ባለ ሁለት ዜሮና ባለ ሦስት ዜሮ የሚባሉት ጊታሮች የሆዳቸው ወርድ እንደየቅደም ተከተላቸው ወደ 34፣ 36 እና 38 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወገባቸውም ጠበብ ይላል። የስፔኑ ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መልኩን ያስያዘው፣ ዛሬ ክላሲካል የሚባለው ባለ ናይለን ጊታር ደግሞ ሆዱ 37 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ጊታር ከጥንስሱ ጀምሮ የጣት መሣሪያ ነው፤ የዓለም ታላላቅ ደርዳሪዎች በእርሱ አዳራሽ ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤሪክ ክላፕተን ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር በተቀረጸው የታወቀ ዝግጅቱ ላይ የያዘው ባለ ሦስት ዜሮ ማርቲን ነበር። በአፍሪካም የካታንጋው ምዌንዳ ዣን ቦስኮ፣ ሂዩ ትሬሲ እ.ኤ.አ. በ1952 ድምፁን ሲቀርጸው፣ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ብቻ ሁለት ሰው የሚጫወት የሚመስል ሙዚቃ አሰማ። ያን የመሰለ ጨዋታ የሚያኖረው የድምፆች መለያየት እንጂ ጩኸት አይደለም።

ትንሹ ሆድ ለድርደራ የሚስማማበት ምክንያት ምሥጢር የለውም። የጣት ሥጋና ጥፍር ለአውታር የሚሰጡት ኃይል ከፒክ ምት ያነሰ ነው። ያን አነስተኛ ኃይል ተቀብሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ ቀለል ያለ የፊት ሳንቃ ያስፈልጋል። ሰፊውና ለከባድ ምት የተደገፈው ሳንቃ ግን በኃይል ካልመቱት ሙሉ ድምፁን አይሰጥም። ሁለተኛ፣ ትልቅ ሆድ ውስጥ ያለው ብዙ አየር ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል። በግርፍ ጊዜ ይህ ሙላት ነው፤ በድርደራ ጊዜ ግን አውራ ጣት የነካው ወፍራም አውታር የቀለበት ጣትን ዜማ ይውጠዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። ከአምስት አንዱ ከተዋጠ የሚቀረው የቅኝቱ ፍርስራሽ ነው። በወፍራም ዳቦ ላይ የተቀባ ማር ዳቦውን ያጣፍጠዋል እንጂ ራሱ አይታይም።

ተቃዋሚው ዝም እንደማይል የታወቀ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው «በገናስ? በገና ትልቅ አይደለምን? በጣትስ አይደረደርምን?» የሚል ይሆናል። ጥያቄው ብልህ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። አዎን፣ በገና በቁመቱም በገበቴውም ከክራር እጅግ ይበልጣል፣ አሥር አውታሮች አሉት፣ በጣትም ይደረደራል። ዓለሙ አጋ በዓለም መድረክ ያሰማው የበገና ድምፅ ግን የሚራመደው በዝግታ ነው። አውታሩ ወፍራም ጅማት ነው፤ ቆዳው የሚያነዝረው ድምፅ ጥልቅና የተመስጦ ነው፤ አንዱ ድምፅ ጋብ ሳይል ሌላው አይቸኩልም። የበገና ስፋት ለተግባሩ የተለካ ነው። ክራርን የሠራውም እጅ ለፈጣኑ ጨዋታ ትንሽ ገበቴ መረጠ። ስለዚህ በገና የተቃዋሚው ምስክር ሆኖ ቢጠራም የሚመሰክረው በእርሱ ላይ ነው፤ አባቶች መሣሪያን የለኩት በሥራው ነበርና።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ትንሽ ጊታር በአደባባይ አይሰማም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በበዓል ቀን ሺህ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ በጣት የተደረደረ ትንሽ ጊታር አይሰማም። ትልቁስ ይሰማልን? ያለ ድምፅ ማጉያ በጣት ከተደረደረ እርሱም አይሰማም። ማጉያ ካለ ደግሞ ጥያቄው ማን ይበልጥ ይጮኻል መሆኑ ቀርቶ የማን ድምፅ ጠርቶ ይጎላል የሚል ይሆናል። በዚህ ትንሹ ይበልጣል፤ ወፍራሙ ድምፅ በማጉያው ውስጥ ተመላልሶ የሚያስከትለው ጉርምርምታ በትንሹ ሆድ ይቀንሳል። ክራርም ወደ ትላልቁ መድረክ ሲወጣ ከኤሌክትሪክ ማጉያ ጋር ታረቀ እንጂ ገበቴውን እንደ በገና አላሰፋም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ ጉዳት ያደርሳል፤ «ትንሽ ጊታር የሕፃናት መጫወቻ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደበላልቀዋል። ሦስት አራተኛ የሚባለው የልጆች ጊታር አንገቱም አውታሩም አጥሯል፤ ለታናናሽ እጆች የተሠራ ነው። ትንሽ ሆድ ያለው የአዋቂ ጊታር ግን የአውታሩ ርዝመት ከ63 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ መሣሪያ ነው፤ ያነሰው ሆዱ ብቻ ነው። ይህን ሳይለይ «ትንሽ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ፊቱን የሚያዞር የግዥ ኮሚቴ ቃል ገዛ እንጂ ዕቃ አልገዛም።

ለተግባር የሚረዳው ምክር አጭር ነው። መራጩ ኮሚቴ ከመክፈሉ በፊት ጊታሩን ከክበቡ አባላት መካከል ቁመቷ አጭር ለሆነችው ልጅ ይስጣት። ተቀምጣ ስትታቀፈው ትከሻዋ ካልተነሣ የመጀመሪያውን ፈተና አልፏል። ቀጥሎ በአውራ ጣት ወፍራሙ አውታር፣ በቀለበት ጣት ቀጭኑ አውታር በእኩል ኃይል ይነካ፤ አንዱ ሌላውን ከሸፈነው ይመለስ። አውታሮቹ ከአንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበት ስፍራ ስፋት በብረት አውታሩ ጊታር 44 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ጣቶች አይጋፉም። ክላሲካሉ ወደ 52 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ሰፊ ቦታ አለው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ አውታሩ በቀላሉ ሲነካ የሚሰጠው የጠራ ድምፅና ተጭነው ሲነኩት የሚሰጠው ድምፅ አንድ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ጊታሩ ቅኝት አይጠብቅም፤ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ መታለፍ የለበትም። ባለ ናይለኑ ጊታር ላይ የብረት አውታር መወጠር መሣሪያውን መግደል ነው። ስድስት የብረት አውታሮች በአንድነት እስከ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ኃይል ሲስቡ ናይለኖቹ የሚስቡት 40 ያህሉን ነው። አውታሩ የሚታሰርበት ብርኩማ ከሳንቃው ተነቅሎ፣ አንገቱ ጎብጦ የሚገኝ ስንት ጊታር አለ! ባለሙያ አልጠፋም፤ ጠያቂ ግን ጠፋ።

በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ሲቋቋም የሚመሰገነው ቡድን ብዙውን ጊዜ ድምፁ የጎላው፣ ሰልፉ የረዘመው ነበር። ዘመኑ አለፈ፤ ልማዱ ግን በግዥ ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ባህል በቁጥርና በስፋት የሚለካ እስኪመስል ድረስ አዳራሹ ይሰፋል፣ ማጉያው ይበዛል፣ ጊታሩ ይወፍራል። በዚያ ጩኸት መካከል አንዲት ልጅ በሦስት ጣቷ የምታወጣው የጠራ ዜማ ቦታ ያጣል። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ፣ ያለ ማጉያ፣ ለአርባ ልጆች አንድ ቅኝት ለማሰማት የሚበቃ መሣሪያ ቢሰጠው ከአንድ አዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ አረካም ትሁን ሌላ ከተማ፣ ሁለት ጊታር የሚገዛ ክበብ አንዱን ለግርፍ፣ ሌላውን ለድርደራ ይግዛ፤ አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ደግሞ አስቀድሞ ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ ይጠይቅ። ልጆቹ በጣታቸው የሚደረድሩ ከሆነ ትንሹን ይግዛላቸው፣ ሳያፍርም ይግዛው። ሆደ ሰፊነት ለሰው ትልቅ ምስጋና ነው፤ ለመምህር ይገባዋል፣ ለባህል ኃላፊም ይገባዋል። ጊታሩ ግን እጅ የሚችለው ይሁን።