የወንድምጋሼ ካርቶን



እኔ ከካሴት ጋር ሰንብቻለሁ። ሰሞኑን ቤቴ ብቅ ያለ ሰው ሁሉ፣ «ሙዚቃ ቤት ከፈትክ እንዴ?» እያለ ያሾፍብኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ ቤት ወንድምጋሼ የምንለው፣ ከፌርፋክስ ብዙም ሳይርቅ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረበትን አፓርታማ ለቆ ልጁ ወዳለችበት ወደ ላስ ቬጋስ ሊሄድ ነው። የኪራዩን ነገር ለሎስ አንጀለስ ሰው አላስረዳም። ዕቃውን ሲያወጣ አንድ የሙዝ ካርቶን ተሸክሞ መጣና በሬ ላይ አስቀምጦ፣ «ይኼን አንተ ያዘው። ጋዜጠኛ ነህ፤ አሮጌ ነገር መጎርጎር ትወዳለህ» ብሎኝ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ቡና እንኳ አልጠጣም።

ካርቶኑ ውስጥ ስልሳ ሦስት ካሴት ቆጠርኩ። ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ ብዙነሽ፣ ሂሩት፣ ኤፍሬም፣ ነዋይ፣ አስቴር፤ ማን ቀርቶ! መቼም ከኔ በኋላ የተወለደ ሰው ካሴት መስማት ምን እንደሆነ አያውቅም። ዘፈኑ አልጣመኝም ብሎ መዝለል የለም። ቴፑ ክሩን ሲበላው በቢክ እስክርቢቶ እያዞሩ መጠቅለል አለ። እኔ ደግሞ ከነጭራሹ ማጫወቻ አልነበረኝም። ከእሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በዐሥራ ሁለት ዶላር አንድ ቴፕ ገዛሁ። ውስጡ ያለው ላስቲክ ረግቦ ይሁን ምን፣ ትንሽ ይጎትታል። ሂሩት በቀለ ጉንፋን እንደያዛት ሆና ነው የምትዘፍንልኝ።

(ከዚህ በታች ዓመቱን እንደ ፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ። ግራ የገባው አንባቢ እንዳይቆጣኝ።)

መጀመሪያ የሰማሁት የኃይሉ መርጊያን «ሸሙንሟናዬ» ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ አዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት ያዩ ሰዎች ዛሬም በዚህ ሰፈር ቡናቸውን ይጠጣሉ። ባንዱ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ መጣ፤ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑንም፣ ኪቦርዱንም፣ የከበሮ ማሽኑንም ብቻውን እየተጫወተ ይኼንን ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ታክሲ ነዳ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። በስደት አገር ሙያውን ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ ያስቀመጠ ሰው ይኼንን ታሪክ ሲሰማ ከት ብሎ ይስቅና መልሶ ዝም ይላል። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግኩት። የምሠራበት ጋዜጣ በምርጫ 97 ማግሥት ከተዘጋ ወዲህ ስንት ሥራ እንደሠራሁ ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ።

በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ሰውየው «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አለው፤ መቀመጫውም ሌላ ሳይሆን እዚችው ሎስ አንጀለስ ነው። ኃይሉን አፈላልጎ በስልክ አገኘው፣ ተስማሙ፣ ካሴቱ በዚያው ዓመት እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ። ስድስት ሥራዎች ናቸው። አምስቱ ጥሩ ናቸው። ስድስተኛው፣ «የፍቅር እንጉርጉሮ»፣ ፒያኖ ብቻውን ነው፤ ሌሊት ከሥራ ስመለስ ሳልሰማው ከመኪናዬ አልወርድም።

ይኼንን ጉዳይ ፌርፋክስ ላይ ቡና ይዤ ሳወራ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ተቆጡ። «ፈረንጅ ካልነገረን የራሳችንን ዕቃ አናውቅም ማለት ነው?» አሉ። ቀጠሉና የፈረንሳዩን ፍራንሲስ ፋልሴቶንና «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ አልበሞቹን፣ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ የጫነውን የ2005 የጂም ጃርሙሽን ፊልም፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ወቀሷቸው። ግማሹ እውነት ነው። ግን አምሃ እሸቴም የኛው ሰው ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ የመጣው ይምጣ ብሎ የነዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። በ1975 ከአገር ወጣ፣ ዋሽንግተን ላይ ምግብ ቤት ከፈተ፣ በ2021 ዐረፈ። እሱ ቀድሞ ባይደፍር ኖሮ ፋልሴቶ የሚሰበስበው ሸክላ ከየት ይመጣ ነበር? ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እዚህ አሜሪካ አብሮን ሲኖር ስንቶቻችን ቤቱ በልተን ሸክላዎቹን ጠየቅነው?

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ያሳፍራል። ከስልሳ ሦስቱ ካሴቶች ከሙዚቃ ቤት የተገዙት ዐሥራ አራት ብቻ ናቸው። የቀሩት ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ላይ የተገለበጡ ናቸው። ስማቸው በወንድምጋሼ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ደግሞ እንዴት ያለ ውብ ጽሑፍ! በ1980ዎቹ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ አንድ አዲስ ካሴት ይዞ ከመጣ በሁለተኛው ሳምንት ከሎንግ ቢች እስከ ሆሊዉድ ዐሥር ቤት ይገባ ነበር። ዘፋኙ ግን የአንዱን ዋጋ ብቻ ነው ያገኘው፤ እሱንም ካገኘ። አገር ቤትም ያው ነበር፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። እና ፈረንጁ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል እንደሚካፈል ደጋግሞ ሲናገር፣ ለነዚያ አባት ምን ብዬ ልመልስ? ካርቶኑን አሰብኩና አፌን ዘጋሁ። ሒሳቡን ግን እሳቸው ከፈሉልኝ።

ከካሴቱ ጎን ለጎን አዳዲስ የወጡትንም እየሰማሁ ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጄ የዚሁ ከተማ ልጅ የሆነውን የሳክስፎን ተጫዋቹን የካማሲ ዋሽንግተንን የ2024 አልበም መኪና ውስጥ ከፈተችልኝ። ገና ሲጀምር ግዕዝ ሰማሁ! ፍሪዌይ ላይ ባልሆን መኪናዬን አቆም ነበር። «አባዬ፣ ይገባሃል?» አለችኝ። እንደ ቅዳሴው ነው፤ አንዱን ይዤ ሁለቱን እጥላለሁ አልኳት።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው። የከንቲባ ገብሩ ልጅ በ1923 ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ግሸን ማርያም መንኩሰው፣ በመጨረሻ ኢየሩሳሌም ገዳም ገብተው እዚያው በመጋቢት 2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ፒያኗቸውን በ«ኢትዮፒክስ» ሃያ አንደኛ ቅጽ ዓለም ሰምቶታል። በ2024 የወጣው «ሱቨኒርስ» ግን ሌላ ነው፤ እማሆይ ይዘምሩበታል። ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት፣ ስቱዲዮ የለ፣ ባለሙያ የለ፣ ብቻቸውን ፒያኖ ፊት ተቀምጠው ተራ ቴፕ ላይ የቀዱት ነው። በመስኮቱ የወፍ ድምፅ ይገባል። ስለ አገርና ስለ መለየት ያንጎራጉራሉ፤ ገና ከአገር ሳይወጡ! ድምፃቸው የዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ ልክ ጓዳ ውስጥ ሆና ሰው አይሰማኝም ብላ የምታንጎራጉር አክስት ነው የሚመስለው። አንዳንድ ሃያሲ ቅጂው ንጹሕ አይደለም ይል ይሆናል። እኔ ያንን ወፍ ማንም እንዲያጸዳብኝ አልፈልግም።

ይኼንን እያሰብኩ ነው ወደ ካርቶኑ የተመለስኩት። አርባ ሰባተኛው ይመስለኛል፣ የማሕሙድ አሕመድ ካሴት። ማሕሙድን «ኧረ መላ መላ»ን በ1975 ካስቀረጸ ጀምሮ፣ ብራሰልስ ላይ በ1986 ታትሞ ዓለም እስኪሰማው፣ በ2025 መጀመሪያም አዲስ አበባ ላይ መድረክን እስኪሰናበት ድረስ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ካሴቱ ከተገዙት ከዐሥራ አራቱ አንዱ ነው። ግን አናቱ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በፕላስተር ተሸፍነዋል። የኔ ዕድሜ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፦ ላዩ ላይ ተቀድቶበታል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ «የካቲት 1979» ይላል።

አንደኛው ፊት ማሕሙድ ነው። ሁለተኛውን ፊት አዞርኩ። ዶሮ ጮኸ። ከዚያ እናቴ ተናገረች።

ወንድምጋሼ በ1970 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጣ፤ እኔ በዓመቱ ተወለድኩ። በዓይኔ ያየሁት እንግሊዝ አገር ትምህርቴን ጨርሼ በ2006 እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበለኝ ነው። እናታችን በ1982 ዓ.ም. ነው ያረፈችው፤ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ይከፈታል ተብሎ ይፈራ ስለነበር ቤተሰብ በካሴት ይነጋገር ነበር፤ ሰው ሲገኝ በሻንጣ ይላካል። ካሴቱንም ዘፈን ነው ለማለት ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ላይ ይቀዳሉ። ይኼንን አውቃለሁ። የኛ ቤት ካሴት በሕይወት መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

«እንደምን አለህልኝ የኔ ጌታ፤ እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ስለ ዘመድ ታወራለች። የታሰረውን «ታሟል»፣ የተፈታውን «ተሻለው» ትላለች። ጉለሌ በራችን ላይ ቆራሌው ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ፣ «ና ለወንድምጋሼ ፊደል ቁጠርለት» ትልና አንድ ቀጭን ድምፅ ሀ ሁ ሂ ብሎ ይንደረደራል፤ ሠ ላይ ይጠፋበታል። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። «ይቺ ልጅ ማናት?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። አላመነችም።

መጨረሻ ላይ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ገንዘቡ ደርሶኛል፣ ጌታ ይስጥልኝ። ገንዘብ ግን አፍ የለውም ልጄ። አንዲት ካሴት ሞልተህ ላክልኝ፤ ድምፅህን ልስማው።» ቋ አለ። ወዲያው ማሕሙድ ካቆመበት፣ ከዘፈኑ መሀል ገባ። ቀረጻው የሸፈነው እስከዚያ ድረስ ነበር።

ሰርግ ላይ ይኼ ዘፈን ሲመጣ ወንድምጋሼ ተነሥቶ ወደ ፓርኪንጉ ይወጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጋራ ሊያጨስ ነው ስል ኖሬአለሁ።

ከካርቶኑ ሥር አንድ ባለ ስልሳ ደቂቃ ቲዲኬ ካሴት አገኘሁ። «ለእማዬ» ይላል። አጫወትኩት። ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከሩቅ መኪና ጡሩምባ ይነፋል፣ ቋ። ሁለቱንም ፊት እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ሌላ ምንም የለም። በዚያን ጊዜ ቀን የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ፣ ሌሊት ሆቴል ዕቃ አጣቢ እንደነበር አውቃለሁ። ምን ብሎ ይናገር?

ባለፈው እሑድ መጣ። ይኼን ጊዜ ቡና ጠጣ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ፣ ዓይኑን ከሲኒው ሳያነሣ፦

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ቴፑ አልበላውም?»

«አልበላውም። ትንሽ ይጎትታል እንጂ።»

«ይጎትታል? ድምፅዋ ይወፍራል?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያው አሁን አታሰማኝ» አለ። «የሷ ድምፅ ቀጭን ነው።»

ስለዚህ አንባብያን፣ የቴፕ ላስቲክ የሚቀይር ሰው የምታውቁ፣ ወይም በደንብ የሚሠራ ማጫወቻ ያላችሁ፣ ለዝግጅት ክፍሉ ንገሩልኝ። ወንድምጋሼ የሚሄደው በወሩ መጨረሻ ነው።