የጋብቻ ዓመት ይቆጠር፣ የፕላስቲክ አበባው ግን ይቅር

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁላችንም አንብበነዋል። አንድ መምህራችንና ባለቤታቸው ከተጋቡ ዘንድሮ 25 ዓመት ስለሚሞላቸው፣ ዕጩ መምህራን በነፍስ ወከፍ 50 ብር አዋጥተን ከአዲስ አበባ የፕላስቲክ አበባ እንድናስመጣ የዝግጅት ኮሚቴው ጠይቋል። ከማስታወቂያው ጎን ደግሞ «ጥንታዊ የጋብቻ በዓል አበቦች» የሚል ዝርዝር አለ። ለ1ኛው ዓመት ካርኔሽን፣ ለ3ኛው የሱፍ አበባ፣ ለ10ኛው ዳፎዲል፣ ለ15ኛው ጽጌረዳ፣ ለ25ኛው አይሪስ፣ ለ40ኛው ግላዲዮለስ፣ ለ50ኛው ቢጫ ጽጌረዳና ቫዮሌት ይላል።

በዚህ የተነሳ መኝታ ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ ብሩን ከፍሎ ተመዝግቧል። ገሚሱ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ምን አገባን!» ብሎ ኪሱን ዘግቷል። እኛ ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ የመጣን ዕጩዎች ከሁለቱም ወገን አልሆንንም። በዓሉ ይከበር እንላለን፤ ዝርዝሩና ፕላስቲኩ ግን አይዋጥልንም።

በመጀመሪያ «የፈረንጅ ነው» ለሚሉት ጓደኞቻችን። ዓመት መቁጠር ከመቼ ወዲህ ነው ለኛ ባዕድ የሆነው? ክርስቲያኑ ለሞተ ሰው ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እያለ ይቆጥራል። አንድ ቀን አያዛንፍም። ቄሱ ያውቁታል፣ ጎረቤት ያውቀዋል፣ ጠላው የሚጠነሰስበት ቀን ሳይቀር ይታወቃል። ሰማንያ የሚለው ቃል እንኳ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ የሙታን ቀን ነው፣ ሌላው የጋብቻ ውል። የሙታኑን ሰማንያ አክብረን እንቆጥራለን። የጋብቻውን ሰማንያ ግን ከተፈረመ በኋላ ሣጥን ውስጥ ከተን የምናወጣው ባልና ሚስት የተጣሉ ዕለት ነው። ሽማግሌም የሚሰበሰበው ያን ጊዜ ነው። 25 ዓመት ተቻችለው የኖሩ ሰዎች ዘንድ ማን ሽማግሌ ልኮ ያውቃል?

ደግሞም በአገራችን ያልታየ ነገር አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን የተጋቡት በ1903 ዓ.ም. ሲሆን፣ 50ኛው ዓመት በ1953 ዓ.ም. ሲሞላ መታሰቢያ ቴምብር ታትሞለታል። እቴጌይቱ ያረፉት ወዲያው በየካቲት 1954 ዓ.ም. ስለሆነ፣ «ለከርሞ ይሁን» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አብረው ባላዩት ነበር። ታዲያ ንጉሥ ሲያደርገው ክብር፣ መምህር ሲያደርገው ፈረንጅነት የሚሆነው ለምንድን ነው?

በየቤታችን የሠርግ ቀን እንደማይከበር እናውቃለን። እናቶቻችንንና አያቶቻችንን «መቼ ተጋባችሁ?» ብንላቸው «ጥር ላይ ነበር፣ አስተርዮ ማርያም ሳትደርስ»፣ «ረመዷን ሊገባ ሲል»፣ «ከ77ቱ ድርቅ በኋላ» ይሉናል። ወሩ አለ፣ ዘመኑ አለ፣ ቀኑ ግን የለም። ፎቶግራፍ ያላቸውም ቢሆኑ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ከቤታቸው ጋር አብሮ የነደደባቸው አሉ።

አለመቁጠር ደግሞ የሚሸፍነው ነገር አለ። ይህን ጉዳይ ከአበባው በላይ አጥብቀን የያዝነውም ስለዚህ ነው። ለምሳሌ ዕድሜዋ 37 የሆነ፣ በትዳር 25 ዓመት የሞላት እናት ብናገኝ፣ ከ37 ላይ 25 ሲቀነስ 12 ነው። ይሄን ሒሳብ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው እንዳያገባ ደንግገዋል። ሆኖም ነገ ተመርቀን በቀወት ወይም በጀወሃ በኩል ስንመደብ፣ ጥር ላይ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ድንገት ከመቀመጫዋ ብትጠፋ ምክንያቱን ለመገመት ሩቅ አንሄድም። የሠርግ ዓመት በግልጽ የሚቆጠርበት ቤት የሙሽራዋን ዕድሜም ለመቁጠር ይገደዳል። በመሆኑም በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የቤታቸውን የጋብቻ ዓመት ጠይቀው እንዲመጡ ብናደርግ፣ ከስንት ስብሰባ የበለጠ ያስተምራል ብለን እናምናለን። መምህሩ ግን ጥበብ ያስፈልገዋል፤ የልጅን እናት በክፍል ፊት ማሳፈር ማስተማር አይደለም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንመለስ። «ጥንታዊ» መባሉ አላሳመነንም። የ25ኛው ዓመት ብርና የ50ኛው ዓመት ወርቅ ከጀርመኖች አገር የመጣ የቆየ ልማድ ነው፤ ይህን አንክድም። የቀረው ግን ሲጨማመር የመጣ ነው። ኤሚሊ ፖስት የተባሉት አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተሙት የሥነ ሥርዓት መጽሐፍ የጠቀሷቸው ስጦታ ያላቸው ዓመታት ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 የአሜሪካ ጌጣጌጥ ቸርቻሪዎች ማኅበር ዝርዝሩን አስረዘመው። ዓመት በረዘመ ቁጥር ዕቃ ይሸጣላ! የአበባውም ዝርዝር የነጋዴ ነገር እንደሆነ የሚያሳብቀው፣ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሲሄዱ አበባው መለዋወጡ ነው። የሦስተኛው ዓመት የሱፍ አበባ ደግሞ እኛን አስቆናል። ሱፍ ሲባል እኛ የሚታየን በጾም ቀን የሚቀርበው የሱፍ ፍትፍት ነው።

ዳፎዲል የአውሮፓ ጸደይ አበባ ነው። የይፋት ልጅ ይህን ስም ቃል በቃል ሸምድዶ ፈተና ላይ ሊጽፈው ይችላል። አበባውን ግን አያውቀውም፣ መምህሩም አያውቀውም። ይልቅ ጽጌረዳ ከተባለ፣ የራሳችን የዱር ጽጌረዳ ቀጋ አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሮዛ አቢሲኒካ ነው። ነጭ አበባ ያላት እሾሃም የደጋ ቁጥቋጦ ናት። ፍሬዋን እረኞች ለቅመው ይበሏታል። በዝርዝሩ ላይ ግን ማን ያስገባት!

ከሁሉ የሚገርመው የፕላስቲኩ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፤ አብዛኛውም ጽጌረዳ ነው። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በዝዋይ በኩል ተቆርጦ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይሄዳል። ቆርጠው የሚያሽጉት ባብዛኛው ወጣት ሴቶች፣ የኛው እኩዮች ናቸው። እንግዲህ እውነተኛውን በአውሮፕላን ልከን የፕላስቲኩን በመርከብ እናስመጣለን ማለት ነው። ኧረ ይሄ ምን ይባላል?

«ታዲያ ምን አበባ ይሁን?» ብትሉን፣ መልሱ ያለው እግራችን ሥር ነው። ከጣርማ በር ወርዶ ሮቢት የደረሰ ሰው ሹራቡን ያወልቃል። በዚያ ሙቀት የተቆረጠ ጽጌረዳ ውሎ አያድርም። አደይም የደጋና የወይና ደጋ ናት፤ የምትፈካውም መስከረም ላይ ስለሆነ ከሠርግ ወራት ጋር አትገናኝም። በቆላችን በበጋው ሐሩር ቀይ ሆኖ የሚነደው የድሬዳዋ ዛፍ አለ። የግራር አበባ አለ፣ ንብ የሚከበው። ማሾም ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ለሙሽራ የሰጠው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየንም።

እንዲያውም የኛ ሠርግ ከመልክ ይልቅ በመዓዛ ነው የሚታወሰው። የተጎዘጎዘው ቀጤማ፣ አሪቲው፣ ሬሃኑ፣ አደስ የገባበት ቅቤ፣ የቡናው ዕጣን። ይሄን ማንም በዓመት ከፋፍሎ አልዘረዘረውም፣ እኛም እንዲዘረዘር አንፈልግም። ደግሞ በሸዋል ወር የተጋቡ ሙስሊም ባልና ሚስት ዓመታቸውን በሂጅራ ቢቆጥሩ ቀኑ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። አንድ ዓመት በክረምት፣ ከዓመታት በኋላ በበጋ ይውላል። ታዲያ በዚያን ሰሞን ያበበውን ማቅረብ ነው እንጂ ዳፎዲል ፍለጋ የት ይኬዳል?

ለዝግጅት ኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የተዋጣው ገንዘብ ለሁለት የተዳቀሉ የማንጎ ችግኞች፣ ለቡናና ለዳቦ ይዋል። ቀጤማውን ከሮቢ ወንዝ ዳር፣ ሬሃኑን ከየቤታችን እኛ እናመጣለን። ችግኞቹ በመምህራችን ግቢ ይተከሉ፤ ሥር እስኪይዙ በየሳምንቱ ሁለት ዕጩዎች ተራ ገብተው ያጠጡ። የመጀመሪያውን ሳምንት ተራ እኛ እንወስዳለን።

አንድ ነገር ቀረ። የካርዱን ረቂቅ አይተነዋል። «ለተከበሩ መምህራችን፣ እንኳን ለ25ኛ ዓመት የጋብቻ በዓልዎ አደረሰዎ» ይላል፣ አበቃ። ለመሆኑ መምህራችን ያገቡት ራሳቸውን ነው እንዴ? ከኛ መካከል በወባ የተኛ ሲኖር አጥሚት ይዘው መኝታ ቤት የሚመጡት እትዬ በካርዱ ላይ የሉም። ማተሚያ ቤት የሚላከው ዓርብ ነው ተብሏል። ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነ ስማቸውን ለመጨመር ሦስት ቀን አለን።