ሳህኑን የገፋውን ልጅ አንግፋው

የሁምቦ ወላጆች፣ የጠበላና የሶዶ ወጣቶች፣ የዕድር ዳኞች፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፤ ጥሪው ለሁላችሁም ነው።

በየቤታችን ከቀረበው ምግብ አንድ ሁለቱን ብቻ እየመረጡ ሌላውን የማይነኩ ወጣቶች አሉ። አንዱን የቦሎቄ ልስላሴ ያንገሸግሸዋል። አንዷ የቅቤ ሽታ ሲመጣባት ከማዕድ ትነሳለች። ሌላው ትን ካለው ቀን ወዲህ ሥጋ መዋጥ ይፈራል። እኛ ግን «ቀበጥ! ጠግበህ ነው!» እንላቸዋለን።

ቃሉ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ወላይታ በ1977ና በ1992 ዓ.ም. ተርቧል። እንሰት ነፍስ ያቆየበትን ዘመን ያየ ሽማግሌ፣ የቀረበ ምግብ ሲገፋ ቢያመው አይፈረድበትም። ዛሬ ልጁን መስደብ ግን የዚያን ጊዜ ረሃብተኛ አይመግብም።

ምግብ ማማረጥ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ብዙዎች እያደጉ ይተዉታል። እስከ ወጣትነት የዘለቀባቸውን ያጠኑ ተመራማሪዎች ግን ከጭንቀትና ከድባቴ ጋር ዝምድና አግኝተውበታል። ጭንቀት ምግብ ያስጠላል፤ በማዕድ ላይ መሸማቀቅም ጭንቀቱን ያባብሰዋል። የከፋውን ዓይነት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል፤ መነሻውም ለመክሳት መፈለግ አይደለም። ከአንድ ትሪ በሚበላበትና ጉርሻ ፍቅር በሆነበት አገራችን ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። ወጣቱ ሰርግ ይሸሻል፣ ለቅሶ ቤት አይደርስም፣ ተደብቆ ብቻውን ይበላል።

ሁምቦ አብሮ መነሳትን ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ገበሬዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ መልሰው አለበሱ። አብዛኛውን ችግኝ በመትከል አላመጡትም፤ መሬት ውስጥ በሕይወት የቀረውን ጉቶ ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቀው እንዲያቆጠቁጥ አደረጉ እንጂ። ልጆቻችንንም እንዲሁ እንጠብቃቸው።

ከመጪው የዘመን መለወጫችን፣ ከጊፋታ፣ እንጀምር። ልጆች ከየሄዱበት ይገባሉ፤ ጥሬ ሥጋው፣ ዳጣው፣ ቅቤው ይቀርባል። የማይበላውን ወጣት በእንግዳ ፊት አንጠይቀው፤ ጉርሻም በግድ አይሁን። የለመደውን ምግብ ከማዕዱ አናጉድልበት። አዲሱን አጠገቡ እናኑርለት፤ መቅመሱን እሱ ይወስን። እናቶች ሆይ፣ ይህ ማሞላቀቅ አይደለም።

በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ ካፌ መምጣት የተወ ጓደኛ ካላችሁ ፈልጉት፤ አብራችሁት ተቀመጡ። ሳህኑን የምትገፊ እህታችን፣ የምትገፋ ወንድማችን፣ ለምታምኑት አንድ ሰው ተናገሩ። ክብደት የቀነሰ፣ የሚያዞረው፣ ምግቡ ከቀን ወደ ቀን የሚያንስበት ወጣት ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ለባለሙያው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚከብደውንም ሐሳብ ይንገር።

የዕድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ አስይዙልን።